በደሴና በኮምቦልቻ የሕፃናት እንክብካቤ ባለሙያ ለመሆን፦ ከየት ልጀምር ለምትሉ

«ልጅ መያዝ ደግሞ ምን ሥልጠና ይፈልጋል? እናቶቻችን ማን አሠልጥኗቸው ነው ያሳደጉን?» ይህን ጥያቄ ያልሰማ የመዋለ ሕፃናት መምህርም ሆነ የማቆያ ተንከባካቢ ያለ አይመስለኝም። ጥያቄው ክፋት የለውም። ግን መልስ አለው። እናት የምታሳድገው የራሷን ልጅ ነው። ጠባዩን ታውቃለች፣ አያትና ጎረቤት ያግዟታል። ተንከባካቢ ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 11 ሰዓት የምትይዘው የሰው ልጅ ነው። ያውም ብዙ፣ ያውም በአንድ ክፍል። አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ጓደኛውን ይነክሳል፣ ሦስተኛው ደግሞ ማተኮስ ጀምሮታል። ይሄን በልምድ ብቻ እወጣዋለሁ ማለት ይከብዳል።

ጊዜው ራሱ ውድ ነው። የልጅ አንጎል በ3 ዓመቱ የአዋቂን አንጎል 80 በመቶ ያህል መጠን ይደርሳል። ንግግር፣ ሰውን ማመን፣ ሲናደዱ ራስን ማረጋጋት፣ ሁሉም የሚጀምሩት በእነዚያ ዓመታት ነው። ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር የሚውለው ሰው ማን ነው? ተንከባካቢዋ ናት።

ይህ ጽሑፍ ሙያውን ለመማር ለምታስቡ ነው። 12ኛን ጨርሳችሁ ምን ልማር የምትሉ፣ ልጆቻችሁን አሳድጋችሁ አሁን በዚሁ ገቢ ማግኘት የምትፈልጉ፣ ሞግዚትነት ጀምራችሁ ወረቀት የሌላችሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። ሥልጠናን በሰርተፊኬቱ አትመዝኑት። ልጆች ባሉበት ክፍል፣ የሚያርም ሰው አጠገባችሁ ቆሞ፣ ስንት ሰዓት እንደምትሠሩ ጠይቁና በዚያ መዝኑት።

1. መጀመሪያ ዕድሜውን ምረጡ

ከ3 ዓመት በታች ካሉት ጋር መሥራትና ከ4 እስከ 6 ዓመት ካሉት ጋር መሥራት ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። መንገዱም የተለያየ ነው።

ለመዋለ ሕፃናት መምህርነት የሚወስደው መንገድ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነው። ደሴ የራሷ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። ከ12ኛ ክፍል ውጤት ጋር የተያያዘው መግቢያ ነጥብና የሚከፈቱት ዘርፎች በየዓመቱ በማስታወቂያ ይወጣሉ። ስለዚህ «አምና እንዲህ ነበር» በሚል ወሬ አትመሩ። ኮሌጁ በር ላይ የተለጠፈውን የዘንድሮውን ማስታወቂያ ራሳችሁ አንብቡ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ ክፍል በፊት የ2 ዓመት የቅድመ አንደኛ ትምህርት እንዲኖር አድርጓል፣ ማስተማሪያውም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥም ለትንንሾቹ ክፍል እየተከፈተ ነው። እነዚያ ክፍሎች ለትንንሽ ልጅ የሠለጠነ መምህር ይፈልጋሉ። የ5ኛ ክፍል መምህር አዛውሮ ማስገባት መፍትሔ አይሆንም።

ከ3 ዓመት በታች ላሉት፣ ማለትም ለሕፃናት ማቆያና ለቤት ውስጥ ሞግዚትነት፣ መንገዱ በአብዛኛው በቴክኒክና ሙያ በኩል ነው። አጭር ሥልጠና፣ በደረጃ ወይም በተለምዶ እንደምንለው በሌቭል የተከፋፈለ፣ መጨረሻው ላይ ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና፣ ያለው። ደሴ ላይ ወይዘሮ ስኂን ፖሊቴክኒክ፣ ኮምቦልቻ ላይም ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አለ። የግሎችም አሉ። የሕፃናት እንክብካቤ ዘርፍ በዚህ ዙር ተከፍቶ እንደሆነ ሬጅስትራር ቀርቦ መጠየቅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በሁለቱ ከተሞች መሐል ያለውን ሐረጎን ተሻግሮ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሆን መንገድ በየቀኑ ሚኒባስ ከመያዝ፣ በምትኖሩበት ከተማ መከፈቱን ቀድሞ ማጣራት ይሻላል።

እዚህ ላይ ስለ ኮምቦልቻ ትንሽ ልቆይ። የከተማዋ ፋብሪካዎችና በ2009 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣት እናቶችን ይቀጥራሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። እንግዲህ አስቡት። እናት ወደ ሥራ ስትመለስ ሕፃኑ ገና 3 ወር ነው። የጤና ባለሙያ ደግሞ እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በቀር ምንም፣ ውሃም ቢሆን፣ አትስጡ ይላል። በመሐል 3 ወር ክፍተት አለ። ይህን ክፍተት የምትሸፍነው የታለበ የእናት ወተት እንዴት እንደሚያዝ የምታውቅ ተንከባካቢ ናት። ኮምቦልቻ ላይ ከሕፃናት ጋር መሥራት ለምትፈልጉ፣ ከሁሉ በፊት የምመክራችሁ ችሎታ ይሄ ነው። ዝርዝሩን ወደታች አመጣዋለሁ።

2. ከመመዝገባችሁ በፊት ተቀምጣችሁ እዩ

ልጅ መውደድና ከልጆች ጋር ሙሉ ቀን መዋል አንድ አይደሉም። የአንድ መዋለ ሕፃናት ወይም ማቆያ ኃላፊን አነጋግሩ፣ ጥቂት ቀን ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ እንድታዩ ጠይቁ። በዘመድ በኩል ብትሄዱ ይቀላል። ፈቃድ ካገኛችሁ ስልካችሁን አጥፉ። የልጅ ፎቶ አታንሱ።

ምን ታያላችሁ? ጠዋት ልጁ ከእናቱ ሲለይ መምህሯ ምን እንደምታደርግ። ሽንት ቤት ማን እንደሚወስዳቸው። ልጅ ሲያጠፋ ምን እንደሚባል። ከሁሉ በላይ ግን ከምሳ በኋላ፣ 7 ሰዓት ገደማ፣ ሁሉም ሲደክም የሰው ድምፅ እንዴት እንደሚለወጥ እዩ። የሙያው ፈተና ያለው እዚያ ሰዓት ላይ ነው። ያንን አይታችሁ «ነገም ልምጣ» ካላችሁ ተመዝገቡ። ሌላ ሥራ ይሻለኛል ካላችሁም ምንም ነውር የለበትም፣ ገንዘባችሁንም አተረፋችሁ።

3. ወረቀታችሁን አሰናዱ

ይህን በአጭሩ። የትምህርት ማስረጃ ኦሪጅናልና ኮፒ፣ የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ ጉርድ ፎቶ። ስማችሁ በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን አረጋግጡ። «ሰይድ» እና «ሰዒድ»፣ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» እየተባለ ብዙ ሰው የሚጉላላው በዚህ ነው። ለሥራ ስትቀጠሩ ደግሞ የጤና ምርመራ፣ ከወንጀል ነፃ መሆናችሁን የሚያሳይ ማስረጃና ተያዥ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። አሠሪ ባይጠይቃችሁ እንኳ የሳንባ ምርመራ አድርጉ። የሕፃን ሳንባ ደካማ ነው። ምግብ የምታዘጋጁ ከሆነ የሰገራ ምርመራም ጨምሩ።

4. የሥልጠና ተቋሙን በጥያቄ ፈትኑት

ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፣ መልሱንም ጻፉት።

ለዚህ ዘርፍ የታደሰ የእውቅና ፈቃድ አላችሁ? (ተቋሙ ፈቃድ ስላለው ብቻ ለሁሉም ዘርፍ አለው ማለት አይደለም። ወረቀቱን አሳዩኝ ማለት መብታችሁ ነው።)

ከአጠቃላዩ ሰዓት ውስጥ ምን ያህሉ ተግባር ነው? የት ነው የሚሠራው? ማን ነው የሚከታተለን?

አሠልጣኟ ራሷ ከሕፃናት ጋር ሠርታ ታውቃለች?

የመጀመሪያ ዕርዳታ የምንለማመድበት የሕፃን አሻንጉሊት አላችሁ?

ሲኦሲ የምታስፈትኑት የት ነው? ካለፈው ዙር ስንት ሰው አለፈ?

«ተግባሩ ሥራ ስትገቡ ትለምዱታላችሁ» ከተባላችሁ እኔ ብሆን ሌላ ቦታ እሄዳለሁ። ሥራ ላይ የሚለመደው በሰው ልጅ ላይ ነው።

5. ሥልጠናው ውስጥ ሳትማሩት መውጣት የሌለባችሁ

የዓለም ጤና ድርጅት ከዩኒሴፍና ከዓለም ባንክ ጋር በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ማዕቀፍ አንድ ሕፃን ለማደግ አምስት ነገር ይፈልጋል ይላል፦ ጤና፣ በቂ ምግብ፣ ደኅንነት፣ ለስሜቱ ምላሽ የሚሰጥ ሰው፣ የመማር ዕድል። አገራችንም በ2002 ዓ.ም. የቀዳማይ ልጅነት ማዕቀፍ ስታወጣ ትምህርት፣ ጤናና ሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች አብረው ነው የሠሩት። ከአምስቱ አንዱን ብቻ፣ ለምሳሌ ፊደል ማስቆጠርን ብቻ፣ የሚያስተምር ኮርስ ጎደሎ ነው።

ሀ. የሚያንቁ ነገሮች። ለውዝ፣ ቆሎ፣ ከረሜላ፣ ሙሉ ወይን ፍሬ ለትንንሽ ልጅ አይሰጥም። እንግዳ መጥቶ ቆሎ ሲያቀርቡለት ሕፃኑም ይቆነጥራል፣ እኛም ዝም እንላለን። ማቆያ ውስጥ ይሄ አይሠራም። ልጅ ቢታነቅና ማሳልም ማልቀስም ካልቻለ፣ ከ1 ዓመት በታች ከሆነ ጭንቅላቱ ዝቅ ብሎ በእጃችሁ ላይ በሆዱ ተኝቶ በትከሻዎቹ መሐል 5 ጊዜ ይመታል፣ ካልወጣ ተገልብጦ ደረቱ መሐል ላይ 5 ጊዜ ይጫናል፣ እየተፈራረቀ ይቀጥላል። ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ የጀርባው ምት እንዳለ ሆኖ፣ በደረቱ ፈንታ ከእምብርቱ በላይ ሆዱ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይጫናል። ይህን አንብቦ ማወቅ ግን በቂ አይደለም። አሻንጉሊት ይዛችሁ፣ የሚያርማችሁ ሰው እያየ፣ እጃችሁ እስኪለምደው ድረስ ሥሩት። በዚያች ደቂቃ የምታስታውሱት እጃችሁ የለመደውን ነው።

ለ. ከሰል። ደሴ ብርድ ናት። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ፣ በተለይ በክረምትና በኅዳር ታኅሣሥ ጠዋት፣ ክፍሉን ለማሞቅ የከሰል ምድጃ አስገብቶ በር መዝጋት የተለመደ ነው። ይሄ ይገድላል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። «ጭሱ አልቋል፣ ፍሙ ብቻ ነው» ማለት አያድንም፣ ጋዙ ከፍሙም ይወጣል። ልጆች ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ቀድመው የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ልጆች ባሉበት ክፍል ከሰል አይገባም። በቃ። ፋንታውን ልብስ ደራርቡላቸው፣ ወለሉ ላይ ፍራሽና ምንጣፍ አንጥፉ፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ምረጡ። ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፤ ወባ አለ። እዚያ የመኝታ አጎበርና ውሃ ያቆረ ቦታ ማጥፋት ነው የሚያስፈልገው።

ሐ. ምግብና የእናት ወተት። የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ ቢበዛ ለ4 ሰዓት ያህል፣ ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ ለ4 ቀን ይቆያል። ኮምቦልቻ እኩለ ቀን ላይ ክፍሉ ከዚያ በላይ ስለሚሞቅ ወዲያው ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የልጁን ስም፣ ቀንና ሰዓት ጻፉ። የአንዱ ልጅ ወተት ለሌላው አይሰጥም። ስታሞቁት እሳት ላይ አትጣዱ፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙት። ጠጥቶ የተረፈው ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥም። ከጡጦ ይልቅ ትንሽ ኩባያ ይመረጣል፤ ጡጦ ለማጽዳት አስቸጋሪ ነው፣ ቆሻሻ በቀላሉ ይይዛል።

ከ6 ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ ይጀመራል። እዚህ ጋ ወሎ የራሱ ነገር አለው። በአንድ ክፍል ውስጥ የሙስሊምም የክርስቲያንም ልጆች አብረው ይውላሉ። የሥጋው ጉዳይ ግልጽ ነው፣ የሌላውን እርድ ለልጁ አትሰጡም። ቀላሉ መንገድ ማቆያው ሥጋ አለማብሰሉና ወላጅ ከፈለገ ከቤት ቋጥሮ መላኩ ነው። ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው ጾም ነው። ሕፃን አይጾምም፤ ይህን ሁሉም ቤት ያውቃል። ግን በጾም ወቅት ዕቃው እንዳይነካ ሲባል ወተትና እንቁላል ከቤት ይጠፋና ሕፃኑም ሳያውቅ አብሮ ይጾማል። ወላጅን በጨዋ ቋንቋ ማነጋገር፣ ለልጁ የተለየ ድስትና ማንኪያ እንዲኖር መምከር የእናንተ ሥራ ነው። ሲመዘገቡ ስለ ምግብ አንድ ገጽ ጥያቄ አዘጋጁ፣ ግምት አይሠራም።

መ. ጤናን መከታተል። ሐኪም አትሆኑም። ግን የክትባት ካርድ ማንበብ አለባችሁ፦ ሲወለድ፣ በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንት፣ ከዚያ የኩፍኝ በ9 እና በ15 ወር። የክንድ መለኪያውን ሪባን መጠቀም ተማሩ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከ11.5 በታች ከሆነ ዛሬውኑ። ተቅማጥ ሲጀምረው ኦአርኤስ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን ይበጠበጣል፤ አሳንሶ ወይም አብዝቶ መበጥበጥ ጉዳት አለው። ሕፃን በጀርባው ይተኛል እንጂ በሆዱ አይተኛም።

አንዳንድ ወላጅ «እንጥሉን ላስቆርጠው ነው»፣ «ግግ አወጡለት» ሊላችሁ ይችላል። ለአራስ ቅቤ ማስዋጥም አልጠፋም። እነዚህ ደም ማፍሰስና ኢንፌክሽን የሚያመጡ፣ ትንታ የሚያስከትሉ ልማዶች ናቸው። ወላጅን ሳትቆጡ፣ «እስቲ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታይ» በሉ። ልጁን የወለደውን ሰው ማንቋሸሽ በሩን ይዘጋዋል።

ሠ. ቅጣት። ቁንጥጫ፣ ኩርኩም፣ ማንበርከክ፣ ጨለማ ክፍል ማስገባት፣ «አያ ጅቦን ልጥራው» ማለት፣ ሁሉም ክልክል ነው። ይህ የግል አስተያየቴ ብቻ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በእንክብካቤ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ታዲያ ልጅ ሲማታ ምን ይደረጋል? እጁን በእርጋታ ያዙ፣ በቁመቱ ልክ ዝቅ በሉ፣ አጭር ቃል ተናገሩ፦ «መምታት የለም። ተናድደሃል። ኳሷን ፈልገህ ነው?» ከዚያ መፍትሔ አሳዩት። የ2 ዓመት ልጅ በንግግር መግለጽ የማይችለውን በጥርሱና በእጁ ይናገራል። ቃሉን ስትሰጡት ንክሻው ይቀንሳል።

ረ. ጨዋታ። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ብዙ ወላጅ የ4 ዓመት ልጁ ደብተር ሞልቶ ሲመጣ፣ በእንግሊዝኛ ሲቆጥር ደስ ይለዋል። ትምህርት ቤቱም ወላጅ ለማስደሰት የቤት ሥራ ያበዛል። ጣቱ ገና ያልጠነከረ ልጅ መስመር ላይ ፊደል እንዲደግም ማስገደድ ግን እርሳስ እንዲጠላ ነው የሚያደርገው። መጀመሪያ ጭቃ ያድቦልቡል፣ ጨርቅ ይጠቅልል፣ ውሃ ከጣሳ ጣሳ ይገልብጥ። ጣቱ የሚጠነክረው በዚህ ነው።

የመጫወቻ ዕቃ ለመግዛት ብር የለንም ማለት ሰበብ አይሆንም። ባዶ ጣሳ፣ የጀሪካን ክዳን፣ ካርቶን፣ የጨርቅ ኳስ፣ የታጠበ ጠጠር ለመቁጠሪያ ይሆናል። ገበጣ ራሱ የሒሳብ ትምህርት ነው። ቆርኪና ትንንሽ ጠጠር ግን ከ3 ዓመት በታች ካሉት አርቁ፣ አፋቸው ውስጥ ይገባል። ሰኞ ገበያ የሚጣለው ካርቶን ብቻ አንድ ክፍል ይሞላል።

ቋንቋን በሚመለከት፣ ተረት ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ እሹሩሩ፣ ይህን ሁሉ ታውቁታላችሁ። ተጠቀሙበት። ማታ በምድጃ ዙሪያ የሰማችሁት ተረት የሙያ ሀብታችሁ ነው። በሥልጠናው ላይ የሚጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እየተረካችሁ ማቆምና መጠየቅ። «አሁን ቀበሮዋ ምን የምታደርግ ይመስላችኋል?» ከዚያ ታገሡ። የልጅ መልስ ለመምጣት ጊዜ ይወስዳል፣ እኛ ደግሞ እንቸኩላለን። ከከሚሴና ከባቲ በኩል የመጡ፣ ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች ካሏችሁ፣ ውሃ፣ ሽንት፣ እናት፣ ያመኛል የሚሉትን ቃላት በልጁ ቋንቋ ተማሩ። የመጀመሪያ ቀን በቋንቋው «ውሃ ልስጥህ?» የተባለ ልጅ ይረጋጋል።

ሰ. የተደናገጠ ልጅ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ መጥቷል። ከዚያ ወዲህም ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች በከተማው ይኖራሉ። ከፍ ያለ ድምፅ ሲሰማ የሚደበቅ፣ ከእናቱ ጨርሶ የማይለይ፣ መናገር ጀምሮ ያቆመ ልጅ ሊገጥማችሁ ይችላል። ስለ ሆነው ነገር አትመርምሩት። የዕለቱ ሥርዓት እንዳይዛባበት አድርጉ፦ ሁሌ አንድ ሰው ይቀበለው፣ ሁሌ በአንድ ሰዓት ይብላ፣ ቀጥሎ የሚሆነውን አስቀድማችሁ ንገሩት። ካልተሻለው ከወላጅ ጋር ተነጋግራችሁ ወደ ጤና ባለሙያ ላኩ።

6. የተግባር ልምምዱን በማስታወሻ ደብተር አስደግፉት

አንድ ትንሽ ደብተር ግዙ። በየቀኑ አንድ ልጅ መርጣችሁ ለ10 ደቂቃ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። የሚያስቸግረው «ብቻ» የሚለው ነው። ብዙ ሠልጣኝ «ሰነፍ ነው፣ አይሰማም» ብሎ ይጽፋል። ይሄ ፍርድ ነው። እንዲህ ጻፉ፦ «ከጠዋቱ 3፡20። ዕድሜ 3 ዓመት ከ2 ወር። ሦስት ክዳን ደራረበ፣ አራተኛው ወደቀ። ከኋላው ሁለት ጊዜ ጠራሁት፣ ዞር አላለም። ፊቱ ቆሜ ስጠራው ሣቀ።» ይህን ያነበበች አሠልጣኝ የልጁ ጆሮ ይታይ ልትል ትችላለች። «አይሰማም» የሚለው ቃል ግን ልጁን ጥግ ላይ ያስቆመዋል።

ማስታወሻው ዕድገትንም ያሳያችኋል። አብዛኛው ሕፃን በ2 ወር ገደማ ለሰው ፈገግ ይላል፣ በ1 ዓመት ገደማ አንድ ሁለት ቃል ይላል፣ በ2 ዓመት ሁለት ቃል ያገናኛል፦ «ማማ ነይ»። መራመድ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው፣ ከ8 ወር ጀምሮ እስከ 18 ወር ገደማ። የጎረቤት ልጅ በ10 ወሩ ስለሄደ የእናንተው ዘገየ አይባልም። የነበረውን ችሎታ ያጣ ልጅ ግን ሁልጊዜ ለባለሙያ ይታያል።

የልጆቹን ሙሉ ስም ደብተሩ ላይ አትጻፉ። ቡና ላይም አታንሷቸው። ደሴ ሰፊ ብትመስልም ሁሉም ይተዋወቃል፣ የተነገረው ነገር ሳይመሽ እናቱ ጋ ይደርሳል።

7. ሲኦሲ

ምዘናው የጽሑፍም የተግባርም ክፍል አለው። የሚሰጠው ካሠለጠናችሁ ተቋም ውጭ በሆነ መዛኝ ነው። የጽሑፉ ብዙ ሰው አይጥልም። የሚጥለው የተግባሩ ነው፣ እሱም ችሎታ ጠፍቶ ሳይሆን ቅደም ተከተል ተረስቶ። ዳይፐር ለመቀየር መጀመሪያ እጅ ይታጠባል፣ ዕቃው ሁሉ ይቀርባል፣ ከዚያ ሕፃኑ ይተኛል፣ አንድ እጅ ሁልጊዜ ሕፃኑ ላይ ነው፣ መጨረሻ ላይ የእናንተም የሕፃኑም እጅ ይታጠባል። እየሠራችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። መዛኙ በልባችሁ ያሰባችሁትን አያይም። ለሕፃኑም አውሩት፣ አሻንጉሊት ቢሆን እንኳ። ካልተሳካ ምን እንደጎደለ ጠይቃችሁ ያንኑ ተለማመዱና እንደገና ቅረቡ።

8. ሥራ ስትገቡ

ከደላላ በፊት ራሳችሁ ሂዱ። የመዋለ ሕፃናት ቅጥር የሚበዛው ነሐሴና መስከረም ላይ ስለሆነ ሐምሌ ላይ ማመልከቻ አስገቡ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንም አትርሱ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር፣ ማቆያ ያላቸው ቢሮዎችም ተንከባካቢ ይቀጥራሉ። ባንኮችና ፋብሪካዎችንም ጠይቁ።

ቃለ መጠይቅ ላይ እናንተም ጠይቁ። ስንት ልጅ ነው የምይዘው? ለሕፃናት አንዲት ተንከባካቢ ከ3 ወይም ከ4 በላይ መያዝ አይኖርባትም። «12 ሕፃን ለአንቺ» ከተባለ፣ ደመወዙ ጥሩ ቢሆንም ልጆቹን በአግባቡ መጠበቅ አትችሉም፣ አደጋ ሲደርስ የሚጠየቀው ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ነው።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የሙከራ ጊዜ በሕጉ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ቤት ውስጥ ሞግዚት ሆናችሁ ከተቀጠራችሁ ግን ይህ አዋጅ አይሸፍናችሁም። ስለዚህ ራሳችሁ አንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ፦ የሥራ ሰዓት፣ ደመወዝ፣ የዕረፍት ቀን፣ ከልጁ ሥራ ውጭ ምን እንደማትሠሩ። እንጀራ መጋገርና ልብስ ማጠብ ከሕፃን ጋር ሲደራረብ የሚጎዳው ሕፃኑ ነው፤ ለእመቤቲቱም በዚህ መልክ ብታስረዷት ትቀበላለች።

9. ከተቀጠራችሁ በኋላ

የመጀመሪያ ዕርዳታን ቢያንስ በ2 ዓመት አንዴ አድሱት፣ እጅ ይረሳል። በየአካባቢያችሁ፣ ሆጤም ሆነ ቧንቧ ውሃ፣ በዚሁ ሥራ ላይ ያሉ አራት አምስት ሰዎች ፈልጉና በወር አንድ ቅዳሜ ተገናኙ። ቡናው ይፈላል፣ ግን አንድ ጉዳይ ይዛችሁ ኑ፦ የሚነክስ ልጅ፣ የማይበላ ልጅ፣ ክፍያ የሚያዘገይ ወላጅ። የታነቀ ሕፃን መርዳቱንም እዚያው አንድ ጊዜ በአሻንጉሊት ደግሙት። አዲስ የጀመረች ልጅ ካለች ጋብዟት፣ የእናንተን ደብተር አሳይታችሁ እሷም የራሷን እንድትጀምር አድርጉ። ወደ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ መቀጠል የምትፈልጉ የማታና የክረምት መርሐ ግብር መኖሩን ከግንቦት ጀምሮ ጠይቁ፣ ምዝገባው ቶሎ ይዘጋል።